በየት በኩል ይፈታል?
የጥር ወር የጥገና ማስታወሻ

ዓርብ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋብሪካው ለጥምቀት ስለሚቆም በዚያን ጊዜ የሚጠገኑትን ቫልቮች ከአሁኑ መለየት አለብን። ከሰዓት በኋላ ከተለማማጇ ጋር ከቦይለር ክፍሉ ተነስተን የስቲሙን መስመር እስከ ማቅለሚያ ክፍሉ ድረስ ተከተልነው። ልጅቷ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የመጣች ናት፤ እጇ ፈጣን ነው፣ ጥያቄዋም አያልቅም። ደብተሯን ይዛ የእያንዳንዱን ቫልቭ ቁጥር እየጻፈች አጠገቡ «ያፈሳል» ትላለች። «በየት በኩል እንደሚያፈስም ጻፊ» አልኳት። መድኃኒቱ የሚታወቀው ከዚያ ነውና።

ቦል ቫልቭ የሚያፈስባቸው ቦታዎች አራት ናቸው። አንደኛው ከእጄታው ሥር፣ በዘንጉ ዙሪያ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ የፓኪንጉን ዳዶ ጥቂት በማጥበቅ ይቆማል። ሁለተኛው ቫልቩ ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት ጥርስ ወይም ፍላንጅ ነው፤ ይህ የገጠማው ችግር እንጂ የቫልቩ አይደለም። ሦስተኛው ከውጭ አይታይም፤ ቫልቩ ተዘግቶም በኳሱና በመቀመጫው መካከል ሾልኮ ያልፋል። ከቫልቩ ወዲያ ያለው ቱቦ መቀዝቀዝ ሲገባው እንደሞቀ ከቀረ ጥርጣሬው ወደዚያ ነው። አራተኛው የቫልቩ አካል ራሱ የተገጣጠመበት ቦታ ነው።

የዛሬው ማስታወሻዬ ስለዚህ ስለ አራተኛው ነው። ኳስ፣ ሁለት መቀመጫ፣ ዘንግና እጄታ በተለመዱት ቦል ቫልቮች ሁሉ ውስጥ አሉ፤ እጄታውም ሩብ ዙር ሲዞር ሁሉም ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ልዩነቱ ኳሱ ወደ ውስጥ የገባበት መንገድ ላይ ነው። ኳሱ እንዲገባ አካሉ የሆነ ቦታ ላይ ክፍት መሆን አለበት፤ ያም ክፍት መልሶ መዘጋት አለበት። ከገባበት ካልሆነ ደግሞ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ቦል ቫልቭ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ አካሉ ስንት መገጣጠሚያ አለው? በየት በኩልስ ይፈታል? ሁለቱ መልሶች እርስ በርሳቸው ይጎታተታሉ። ለመፍታት እንዲመች የተጨመረ መገጣጠሚያ ሁሉ ነገ ማፍሰሻ ሊሆን ይችላል፤ ማፍሰሻ እንዳይኖር ተብሎ የተደፈነም ሁሉ ለጥገና በሩ ዝግ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 5 ቀን

ዛሬ ተራው የኮምፕረሰር አየር መስመሩ ነበር። ወደየማሽኑ በሚወርዱት ቅርንጫፎች ላይ ያሉት ቫልቮች አብዛኞቹ ባለአንድ ክፍል ናቸው። አካሉ ከአንድ ወጥ ብረት የተሠራ ነው። ኳሱና መቀመጫዎቹ በአንደኛው አፍ ይገቡና ጥርስ ያለው ቀለበት ከኋላቸው ገብቶ ያስራቸዋል። ከውጭ ሲታይ የአካል መገጣጠሚያ የለውም። አጭርና ቀላል ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ያንሳል።

ሁለት ነገር ግን ይጎድለዋል። ኳሱ በቱቦው አፍ በኩል ማለፍ ስላለበት ትልቅ ሊሆን አይችልም፤ ኳሱ ካነሰ ደግሞ በመካከሉ ያለው ቀዳዳም ያንሳል። ብዙውን ጊዜ ከቱቦው መጠን ቢያንስ በአንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ የ1 ኢንች ቫልቭ ቀዳዳው ወደ ¾ ኢንች ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። በቁጥር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ በስፋት ሲሰላ ግን የ¾ ኢንች ቀዳዳ ከ1 ኢንቹ 56 በመቶ ብቻ ነው። ግፊት ላለው አየር ይህ ብዙ አያስቸግርም። ከሰገነት ታንከር በራሱ ክብደት ለሚወርድ ውኃ ወይም ፓምፕ ለሚስብበት መስመር ግን ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል።

ሁለተኛው፣ አይጠገንም። መቀመጫው ሲበላ ቫልቩ ወልቆ ይጣላል፣ አዲስ ይገባል።

«ጋሼ፣ የማይጠገን ከሆነ ለምን እንገዛዋለን ታዲያ?» አለችኝ ተለማማጇ።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። መልሱ ያለው በቦታው ላይ ነው። ይህ ቅርንጫፍ በላዩ ሌላ መዝጊያ አለው፤ ሲዘጋ የሚቆመው አንድ ማሽን ብቻ ነው። የውስጡም አየር ነው፤ ሰው አያቃጥልም። አንድ ሰው በአንድ የሻይ ሰዓት ቫልቩን አውልቆ አዲስ ይተካል። እዚህ ቦታ ላይ ውድና የሚፈታ ቫልቭ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው። ርካሹ ቫልቭ ቦታውን ካገኘ ትክክለኛው ቫልቭ እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 7 ቀን

ለኮንደንሴት መስመሩ የሚሆኑ ቫልቮች ዋጋ ለመጠየቅ መርካቶ ወጣሁ። በየሱቁ መደርደሪያውን የሞላው ባለሁለት ክፍሉ ነው። ዋናው አካል አንድ ቁራጭ ነው፤ ሁለተኛው ቁራጭ፣ ጫፉን የሚይዘው ክዳን፣ በጥርስ ይጠመዘዝበታል። ኳሱ በሰፊው ክፍት በኩል ስለሚገባ ቀዳዳው የቱቦውን ሙሉ መጠን ሊይዝ ይችላል። የባለአንድ ክፍሉ ትልቁ ችግር እዚህ ተፈታ። በምትኩ አንድ መገጣጠሚያ ተጨመረ።

ባለሁለት ክፍል ሲባል ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። በትንንሾቹ የነሐስና የማይዝግ ብረት ቫልቮች ክዳኑ በፋብሪካ ውስጥ በማጣበቂያ ታስሮ ስለሚመጣ ከሞላ ጎደል አይፈታም፤ ከጥገና አንፃር ከባለአንድ ክፍሉ ብዙ አይለይም። ከፍ ባለው መጠን፣ ፍላንጅ ባላቸው ላይ ደግሞ ሁለቱ ቁራጮች በብሎን የተያያዙ ናቸው። እነዚህ ይጠገናሉ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ከመስመሩ ወልቀው ሞርሳ ላይ መውጣት አለባቸው።

አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ የማይዝግ ብረት ቫልቭ አውጥቶ በጎኑ የተጻፈውን 1000 ደብሊው ኦ ጂ የሚል ምልክት አሳየኝ። «ጋሼ፣ 1000 የተጻፈበት እኮ ነው፤ ለስቲምም ለምንም ይሆናል» አለ። ልጁ ሊያታልለኝ አልፈለገም፤ የሰማውን ነው የነገረኝ። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ስለ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ዘይትና ጋዝ ነው። በተራ ሙቀት 1000 ፒ ኤስ አይ፣ ማለትም 69 ባር ያህል ይችላል ማለት ነው። የእኛ ስቲም 7 ባር ነው፤ ሙቀቱ ግን ወደ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በዚያ ሙቀት መቀመጫው የተሠራበት ቴፍሎን ይለሰልሳል፤ የሚችለውም ግፊት በብዙ ይወርዳል። የስቲም ልክ ለብቻው ይጻፋል፤ በአንዳንዱ ቫልቭ ላይ 150 ደብሊው ኤስ ፒ የሚለው ምልክት 150 ፒ ኤስ አይ ስቲም፣ ወደ 10 ባር ማለት ነው። ካልተጻፈ የአምራቹን የግፊትና የሙቀት ሰንጠረዥ ማየት ግድ ነው። የብረቱም ዓይነት ተጽፎበታል፤ ሲ ኤፍ 8 ኤም የሚለው የ316 የማይዝግ ብረት ቀልጦ የሚሠራ አቻ ነው። አካሉ ጠንካራ ስለሆነ መቀመጫውም ጠንካራ ነው ማለት ግን አይደለም።

ወደ ፋብሪካ ስመለስ ለልጅቷ በባለሁለት ክፍሉ ላይ አንድ ነገር አሳየኋት። ቫልቩ በሁለቱም ጫፍ ላይ ስድስት ማዕዘን አለው። ቱቦ ሲጠመዘዝበት ቁልፉ መያዝ ያለበት ቱቦው የሚገባበትን ጫፍ ነው። ማዶ ያለውን ጫፍ ይዞ የሚያጠብቅ ሰው ኃይሉን በሁለቱ ቁራጮች መገጣጠሚያ በኩል ያሳልፋል፤ በፋብሪካ የታሰረው ክዳን ያኔ ሊነቃነቅ ይችላል። አዲስ ቫልቭ በገባ ማግስት በወገቡ ሲያፈስ ብዙዎች ዕቃውን ይረግማሉ። ቁልፉ የያዘውን ጫፍ መጠየቅ ይቀድማል።

ቅዳሜ፣ ጥር 10 ቀን፣ ከተራ

ቦይለሩ ትናንት ማታ ቆሞ አድሯል። ዋናው መዝጊያ ተዘግቶ በጓጉንቸር ተቆልፏል፤ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ካርድም ተንጠልጥሎበታል። የማፍሰሻው ቧንቧ ተከፍቶ ጌጁ ዜሮ ላይ መሆኑን ሁለታችንም አየን። ከዚያ በኋላ ነው የማቅለሚያ ማሽኑን ባለሦስት ክፍል ቫልቭ የነካነው።

የዚህ ቫልቭ አካል መካከለኛና ሁለት የጎን ቁራጮች አሉት። የጎኖቹ ከቱቦው ጋር የተበየዱ ናቸው፤ መካከለኛው ኳሱን፣ መቀመጫዎቹንና ዘንጉን ይይዛል። ሦስቱንም ረጃጅም ብሎኖች አንድ ላይ ያስሯቸዋል፤ የእኛው አራት አሉት። በመጀመሪያ እጄታውን ግማሽ ላይ አቆምነው። በተዘጋ ኳስ ሆድና በአካሉ መካከል የቀረ ፈሳሽ ወይም ግፊት ሊኖር ስለሚችል ብሎን ከመፈታቱ በፊት መውጣት አለበት። ከዚያ ወደ ክፍት መልሰን አራቱንም ዳዶዎች አላላን፤ ሦስቱን ብሎኖች አወጣን፤ አራተኛውን እንደ ማጠፊያ ተውነው። መካከለኛው አካል በእሱ ላይ ዞሮ ወደ ውጭ ወጣ። ቱቦው አንድ ሚሊሜትር አልተንቀሳቀሰም። ጋዝ መቁረጫ አልመጣም፤ ዩኒየን አልተፈታም።

ልጅቷ ኳሱን ልታወጣ ሞከረች፤ እንቢ አላት። «እጄታውን ወደ ዝግ መልሺው» አልኳት። ስትመልሰው ኳሱ ተንሸራቶ መዳፏ ላይ ወረደ። ምክንያቱን በእጇ ይዛ አየችው። በኳሱ አናት ላይ ቀጥ ያለ ቦይ አለ፤ የዘንጉ ጠፍጣፋ ጫፍ እዚያ ውስጥ ይገባል። ቫልቩ ክፍት ሲሆን ቦዩ ለመስመሩ አግድም ስለሆነ ዘንጉ ኳሱን ይይዘዋል። ሲዘጋ ግን ቦዩ በመስመሩ አቅጣጫ ስለሚሆን ኳሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ ይችላል። ለመፍታት ብቻ አይደለም ይህ የተደረገው። ቫልቩ በሥራ ላይ ሲዘጋ የስቲሙ ግፊት ኳሱን ገፍቶ ከወዲያኛው መቀመጫ ጋር የሚያጣብቀው በዚሁ ነፃነት ነው። ተንሳፋፊ ኳስ የሚባለውም ለዚህ ነው።

መቀመጫዎቹን ወደ ብርሃን አወጣናቸው። ስቲሙ የሚገባበት በኩል ያለው ደህና ነው። የሚወጣበት በኩል ያለው ግን በአንድ ወገን ላይ ጥፍር የሚያስገባ ጎድጓዳ መስመር ተቆርጦበታል። ኳሱ ንጹሕ ነው፣ ጭረት የለውም። ይህ ቫልቩን ግማሽ ከፍቶ ስቲም የመመጠን ልማድ ያመጣው ጉዳት ነው፤ በጠባቡ ክፍተት የሚፈተለከው እንፋሎት ቴፍሎኑን ይልጠዋል። ቦል ቫልቭ ለመክፈትና ለመዝጋት ነው፤ ለመመጠን ሌላ ቫልቭ አለ።

አዲስ መቀመጫ፣ አዲስ የአካል ጋስኬትና አዲስ የዘንግ ፓኪንግ አስገባን። ዘንጉ ከላይ ሳይሆን ከውስጥ እንደሚገባና በታቹ ያለው ትከሻ ግፊት ወደ ውጭ እንዳያፈናጥረው እንደሚይዘው አሳየኋት። ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ በየተራ፣ በትንሽ በትንሹ አጠበቅን። አንዱን ጥርቅም አድርጎ ወደ ሌላው መሄድ ጋስኬቱን በአንድ ወገን ይጨፈልቀዋል። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ከመውረዳቸው በፊት መሣሪያችንን ሰብስበን ወጣን።

ማክሰኞ፣ ጥር 13 ቀን

መስመሩን ቀስ ብለን አሞቅነው። ከሞቀ በኋላ የፓኪንጉን ዳዶ እንደገና አየነው፤ ቴፍሎን በመጀመሪያው ሙቀት ትንሽ ስለሚሰፋና ስለሚላላ። ቫልቩ ደርቋል።

የፈረቃ ኃላፊው መጥቶ «እንዲህ ከሆነ ሁሉንም ባለሦስት ክፍል እናድርገው» አለ። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ አልተስማማሁም እንጂ። ባለሦስት ክፍሉ በወገቡ አንድ ሳይሆን ሁለት መገጣጠሚያ አለው። ዋጋውም ከፍ ይላል። የመለዋወጫ ኪቱ በመጋዘን ከሌለ ደግሞ መፈታቱ ብቻውን አይጠቅምም፤ የአንዱ አምራች መቀመጫ በሌላው ውስጥ ልክ ላይመጣ ይችላልና።

የቱቦው ግፊያም አለ። የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር በየ10 ሜትሩ ወደ 12 ሚሊሜትር ይረዝማል። የእኛ መስመር ከብርድ ወደ 170 ዲግሪ ሲሄድ 10 ሜትሩ ከ17 ሚሊሜትር በላይ ይዘረጋል። መታጠፊያና በቂ ድጋፍ ከሌለው ያ ሁሉ ግፊያና ጉተታ በቫልቩ ወገብ ያልፋል። አካሉ ከጎን የተገጣጠመ ከሆነ ደግሞ የሚሸከሙት ብሎኖቹና ጋስኬቱ ናቸው።

ለዚህ መልስ የሚሆነው ከላይ የሚከፈተው አካል ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ቀልጦ የተሠራ ነው፤ ኳሱና መቀመጫዎቹ ከላይ ባለው ክዳን በኩል ይወጣሉ፣ ይገባሉ። የቱቦው ጉተታ በክዳኑ አያልፍም። ጥገናውም እዚያው መስመሩ ላይ ይከናወናል። ከባድና ውድ ስለሆነ በብዛት የሚታየው በነዳጅ ማጣሪያዎችና በትላልቅ የኬሚካል ፋብሪካዎች ነው። ከላዩ ኳሱን ለማውጣት የሚበቃ ክፍት ቦታም ይፈልጋል፤ ከጣሪያ ሥር ተጠግቶ የተገጠመ ከሆነ ጥቅሙ ሁሉ ይቀራል።

ስለ ብየዳም ለልጅቷ ነገርኳት። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ቦታ ባለሦስት ክፍል ቫልቭ መካከለኛው ሳይወጣ ሲበየድ አይቻለሁ። ቴፍሎን በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የብየዳው ሙቀት ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው። ቫልቩ ሥራ ሳይጀምር መቀመጫው ተበላሽቶ ቀረ። ጎኖቹ በነጥብ ብየዳ ከተያዙ በኋላ መካከለኛው ወጥቶ ብየዳው ሲያልቅና ሲቀዘቅዝ መመለስ አለበት።

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን

በወተት ማቀነባበሪያ የሚሠራ ወዳጄ ማታ ደወለልኝ። የእሱ ጭንቀት ከእኔ ይለያል። የእኔ ቫልቭ ወደ ውጭ እንዳያፈስ ነው የምፈራው፤ እሱ ደግሞ በውስጡ የሚቀረውን ይፈራል። በተራ ቦል ቫልቭ ውስጥ በኳሱና በአካሉ መካከል ባዶ ቦታ አለ። ቫልቩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ወተት እዚያ ይገባል፤ የማጠቢያው ውኃም በደንብ አይደርስበትም። ስለዚህ የሚጠቀመው ባዶውን የሚሞላ መቀመጫ ያለው፣ በክላምፕ የሚያያዝ ባለሦስት ክፍል ነው፤ ካስፈለገ ፈትቶ በእጁ ያጥበዋል። ለእሱ መፈታት ማለት ጥገና ብቻ ሳይሆን ንጽሕና ነው።

ያው ባዶ ቦታ ሌላም አደጋ አለው። ፈሳሽ ታፍኖበት ከሞቀ ይስፋፋል፤ መውጫ ካጣ ግፊቱ መቀመጫውን ወይም አካሉን ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ አንዳንድ ኳሶች ግፊቱ በሚመጣበት በኩል ትንሽ ቀዳዳ ይበሳላቸዋል። እንዲህ ያለው ቫልቭ አቅጣጫ አለው፤ በአካሉ ላይ ያለውን ቀስት ሳያዩ መግጠም አይቻልም።

ከሁሉም ጫፍ ላይ ያለው ሙሉ በሙሉ የተበየደው አካል ነው። መሬት ውስጥ በሚቀበሩ የጋዝ ቧንቧዎችና በአውሮፓ ከተሞች የሙቅ ውኃ መስመሮች ላይ ያገለግላል። ብሎንም ጋስኬትም በወገቡ ስለሌለው በመገጣጠሚያ ማፍሰስ አይችልም። ውስጡን በመስክ ላይ ከፍቶ መጠገንም አይቻልም። በትልልቆቹ ውስጥ ኳሱ አይንሳፈፍም፤ ከላይና ከታች በድጋፍ ይያዛል፤ ምክንያቱም ግፊቱ የሚያሳርፈው ኃይል ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ስለሚሆን መቀመጫው ብቻውን አይሸከመውም። መሬት ቆፍሮ ዳዶ ከማጥበቅ በጭራሽ እንዳይፈታ አድርጎ መቅበር ይሻላል የሚል ውሳኔ ነው፤ በቦታውም ትክክል ነው።

እሑድ፣ ጥር 18 ቀን

ከቅዳሴ መልስ ጎረቤታችን እትዬ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይቺን ሮቶ እያት እስቲ፤ ውኃ በፈረቃ እየመጣ ያጠራቀምነው ሌሊት ሲንጠባጠብ ያድራል» አሉ። ከሮቶው ሥር ያለው የ1 ኢንች የነሐስ ቫልቭ ነው። በዘንጉ በኩል የሚወርደው እጄታውን አውልቄ ዳዶውን ሩብ ዙር ሳጠብቀው ቆመ። ሲዘጋ ግን አሁንም ያሳልፋል፤ መቀመጫው አልቋል። ባለሁለት ክፍል ቢሆንም ክዳኑ የተጣበቀ ነው፤ መቀየር አለበት።

አስቸጋሪው መቀየሩ ሳይሆን ማውለቁ ነበር። ከቫልቩ ወዲያና ወዲህ ዩኒየን ስላልተገጠመ ቫልቩን ለማዞር ከታች ያለውን ቧንቧ በሙሉ መፍታት ግድ ሆነ። አዲሱን ስገጥም አንድ ዩኒየን ጨመርኩበት። በቤት ውኃ ላይ ውድ ባለሦስት ክፍል ቫልቭ መግዛት አያስፈልግም፤ ተራ ቫልቭና አንድ ዩኒየን ያንኑ ምቾት ይሰጣሉ። አካሉ የማይፈታ ከሆነ መስመሩ ይፈታ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን

ዛሬ ከግዥ ክፍል ጋር ተሰበሰብን። ሦስት ፕሮፎርማ ቀርቦ ዝቅተኛው ዋጋ ያሸንፋል፤ ደንቡ ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ግን የግዥ ጥያቄው «ቦል ቫልቭ፣ 1 ኢንች» ብቻ ካለ ባለአንድ ክፍሉና ባለሦስት ክፍሉ አብረው ይወዳደራሉ፤ ርካሹ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ጥፋቱ የገዢው አይደለም፤ የሚፈልገውን ያልጻፈው ክፍል ነው መጠየቅ ያለበት።

ለወደፊቱ እንዲህ ተስማማን። በቀላሉ የሚዘጋና አንድ ማሽን ብቻ የሚያቆም የአየርና የውኃ ቅርንጫፍ ላይ ባለአንድ ክፍል። ሙሉ ቀዳዳ ለሚያስፈልግበትና ቫልቩ ወልቆ ሊጠገን ወይም ሊተካ ለሚችልበት መስመር ባለሁለት ክፍል፤ ከ2 ኢንች በላይ ከሆነ ፍላንጅ ያለውና በብሎን የሚያያዘው። ቫልቩ በየጊዜው መቀመጫ ለሚበላበት፣ መስመሩም ተቆርጦ መቆም ለማይችልበት የስቲም ቅርንጫፍ ባለሦስት ክፍል፤ ከመለዋወጫ ኪቱ ጋር አብሮ ይገዛል። ከላይ የሚከፈተውና የተበየደው ዛሬ አያስፈልጉንም።

ይህን የምታነብ የሙያ ባልደረባዬ፣ የሚቀጥለውን የግዥ ጥያቄ ስትጽፍ ከመጠኑ አጠገብ አራት ነገር ጨምር፤ የአካሉን ዓይነት፣ የቀዳዳውን ሙሉ ወይም የተቀነሰ መሆን፣ የመቀመጫውን ዓይነት፣ የፈሳሹን ግፊትና ሙቀት። ለመጻፍ ሁለት መስመር ይበቃል። ያ ሁለት መስመር ከሌለ ቫልቩን የሚመርጥልህ ዋጋው ነው፤ ዋጋው ደግሞ የሥራ ቦታህን አያውቀውም።